ጥላ የሌለው የእግረኛ መንገድ ለድሬ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ስለ መንገድ የምታወጡት ዜና አያመልጠኝም። እና አንድ ነገር ያናድደኛል። ዜናው ሁሉ በኪሎ ሜትር ነው። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር አስፋልት፣ ይህን ያህል ሜትር ስፋት፣ በአንዴ ይህን ያህል መኪና የሚያሳልፍ። ይሁን፣ መንገድ መሠራቱን ማን ይጠላል። ግን እስኪ አንድ ቀን እንኳ «ይህን ያህል ሜትር ጥላ ተሠራ» የሚል ዜና አስነብቡን። እኛ ድሬዎች የቸገረን እሱ ነው።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ከተማ ናት። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀን ቀን ሙቀቱ 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፣ አንዳንዴም ያልፋል። ይሄ ደግሞ ጥላ ውስጥ የተለካው ነው። አስፋልቱና ቴራዞው ላይ ያለውን የጫማዬን ሶል ጠይቁት። እዚህ ከተማ ውስጥ ሦስት ሜትር ስፋት ያለው፣ ያማረ፣ የተወለወለ የእግረኛ መንገድ ብትሠሩና ከላዩ ምንም ባይኖር፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት መንገዱ አለ ማለት ይከብዳል። በዚያ ሰዓት የሚሄድበት ሰው ካለ ወይ ለባጃጅ የሚከፍለው የለውም፣ ወይ ሌላ ምርጫ የለውም።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። ድሬ ላይ የእግረኛ መንገድ ሲታሰብ መጀመሪያ ጥላው ይታሰብ። ንጣፉ፣ መብራቱ፣ ቀለሙ ቀጥሎ ይምጣ።

«የድሬ ሰው መራመድ አይወድም፣ ለሁለት እርምጃ ባጃጅ ይጠራል» ሲባል እሰማለሁ። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ይህን ሳይናገር አይመለስም። አቦ እስኪ አመሻሽ ላይ ውጡ! ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ካለች በኋላ የከዚራን ሰፈር እዩት። ቤተሰቡ በሙሉ ወጥቶ ነው የሚሄደው። እናት ሕፃኑን ታቅፋ፣ ትልልቆቹ ልጆች ከፊት እየሮጡ፣ አባት ነጠላ ጫማውን እየጎተተ። ሽማግሌው ሳይቀር ሽርጡን እንዳሸረጠ ወጣ ይላል። ሳንቡሳው እየተጠበሰ፣ ሙሸበኩ እየተሸጠ፣ ጎረምሳው በቡድን በቡድን እየተሳሳቀ፣ ከተማው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በእግሩ ነው። ሰውየው ያው ነው፣ መንገዱም ያው ነው። ፀሐይዋ ብቻ ነች የሄደችው። መራመድ የማይወድ ሕዝብ እንዲህ አይሆንም።

እንግዲህ ቀን መውጣት ግድ የሆነበት ሰው ምን ይሁን? የጧቱ ፈረቃ ተማሪ የሚለቀቀው እኩለ ቀን ላይ ነው። የከሰዓቱም የሚገባው በዚያው ሰዓት አካባቢ። በቀን ውስጥ ከሁሉ የከፋውን ሰዓት መርጠን ልጆቻችንን መንገድ ላይ እናወጣለን። ደብተራቸውን አናታቸው ላይ አድርገው፣ ከግድግዳው ሥር ባለችው አንድ ስንዝር ጥላ ላይ አንድ በአንድ ተሰልፈው ሲሄዱ ታያላችሁ። ጥላዋ የሰው ግቢ በር ጋ ስትቋረጥ ይሮጣሉ። ቀጣዩ ግድግዳ ጋ ሲደርሱ ቀስ ይላሉ። ማዶ ላይ ያለው ሰፊው አዲሱ የእግረኛ መንገድ ባዶውን ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል፤ አይሻገሩም፣ ቂል አይደሉማ። ይህን ያየ መሐንዲስ ለመንገዱ ጥናት ሌላ መጠይቅ መበተን ያስፈልገዋል ብዬ አላምንም።

የሚገርመው ይሄ ነገር ድሬ ላይ ድሮ ታውቆ ያለቀ ነበር። ከተማዋ የተመሠረተችው ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ነው። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ስለከበደው ከሥር ቀረ፣ እዚሁ ከተማ ተቆረቆረ። ከዚራን የቀየሱት ሰዎች ሙቀት የሚሉት ነገር ገብቷቸዋል። መንገዱን ቀጥ ቀጥ አድርገው፣ ብሎኩን አጫጭር አድርገው፣ ግራና ቀኙን ዛፍ ተከሉበት። ከባቡር ጣቢያው የወረደ መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ በጥላ ሥር እየሄደ ከተማው ውስጥ ይገባል። መኪና ማንም አልነበረውማ! ከተማው የተሠራው ለሚራመድ ሰው ነው። ዛሬም ለገሃሬ አካባቢ ዛፉ በተረፈበት መንገድ ላይ ቀትር ላይ ሰው ሲሄድ ታያላችሁ። ሌላው አገር የድሬዳዋ ዛፍ ብሎ የሚጠራው ያ ቀይ አበባ የሚያብበው ዛፍ አለ፣ ኒሙ አለ፣ እነሱ ናቸው ሰውየውን ከባጃጅ ያወረዱት። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መጣ፣ እሰየው፣ ጣቢያው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። እዚያ በእግር የሚደርስ ካለ ይንገረኝ።

ሐረርንም እዩ። አንድ ሰዓት ገደማ በሚወስድ መንገድ ላይ ነው ያለችው፣ ግን እንደ ትምህርት ቤት ሄደን አንማርባትም። የጀጎልን ግንብ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን አስገነቡት። አምስት በር አለው፣ ውስጡ 48 ሄክታር ገደማ ነው። ከበር እስከ በር በእግር ማቋረጥ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ውስጥ ውስጡን ያሉት ቀጫጭን መንገዶች ሰውና አህያ እንዲተላለፍባቸው የተሠሩ ስለሆኑ ሁለቱ ግድግዳዎች ተቀራርበው አንዱ ለሌላው ጥላ ይሆናሉ። ጧት የግራው ግድግዳ ያጠላል፣ ከሰዓት የቀኙ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ቱሪስት እየመጣ ፎቶ ያነሳዋል ብለን ደስ አለን። እኔን የሚገርመኝ ግን እዚያ ቀጭን መንገድ ውስጥ አሮጊቷ ያለ ጃንጥላ ገበያ ደርሳ መመለሷ ነው። እርግጥ ሐረር ደጋ ቀመስ ናት፣ እንደ እኛ አትነድም። ታዲያ ባልነደደው አገር ለጥላ ያን ያህል ካሰቡ እኛ ምን ሆነን ነው?

አሁን ወደ ኮሪደር ልማቱ ልምጣ። የተሠራው ሁሉ መጥፎ ነው የሚል ሰው እኔን አያስከትለኝም። ድሮ ጉድጓድ የነበረ ቦታ ዛሬ ደረቱን የነፋ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። ማታ ማታ መብራት አለ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ የሠሩት ይመስገኑ። ግን ዛፉስ? መንገድ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው። አያቶቻችን ተክለው ያሳደጉት ኒም በአንድ ጧት ተቆርጦ በመኪና ይጫናል። በምትኩ ዘንባባ ይተከላል፣ ሥሩ ደግሞ «መርገጥ ክልክል ነው» የተባለ ሣር። ዘንባባ ሲያዩት ያምራል፣ እኔም ፎቶ ተነስቼበታለሁ። ጥላ ግን የለውም። ቀትር ላይ ሥሩ ቁሙና ሞክሩት፣ ግማሽ ፊታችሁ ጥላ ግማሹ ፀሐይ ይሆናል።

ዛፍ ሲተከልም ጉዳይ አለው። ሲሚንቶውን ግንዱ ድረስ አምጥተው ያንቁታል። ውሃ በየት ይግባ? ከግንዱ ዙሪያ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ያህል አፈር ክፍት ይተውለት፣ የጎርፉም ውሃ ቱቦ ውስጥ ከመሄድ እዚያ ይግባ። ቀይ አበባው ዛፍ ሥሩ ወደ ላይ እየመጣ ንጣፍ ያነሳል ይላሉ መሐንዲሶቹ፣ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ እሱ ሰፊ ቦታ ላይ፣ አደባባይና አካፋይ ላይ ይተከል። ጠባቡ ጋ ኒም ይሁን፤ ኒም ድርቅ ይችላል፣ ቅጠሉም ጥቅጥቅ ያለ ነው። ይሄን የምለው እኔ የዛፍ ባለሙያ ሆኜ አይደለም። እዚህ ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው የትኛው ዛፍ ሥር በሬ እንደሚታሰር፣ የትኛው ሥር ካርታ እንደሚጫወቱ ያውቃል።

ደግሞ ዛፍ እስኪያድግ ዓመታት ይፈልጋል። እስከዚያስ? በረንዳ አለ። የድሮዎቹን ሱቆች ልብ ብላችሁ ካያችሁ ጣሪያቸው ወጣ ብሎ ደጃፉን ያለብሰዋል። ደንበኛውም መንገደኛውም ሥሩ ያልፋል። የዛሬው ፎቅ ግን ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው፣ ፀሐይዋን ተቀብሎ መልሶ አንተው ላይ ይለቃታል። ፎቅ ጥላ አለው የሚል ይኖራል። በዚህ በግንቦት ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም የፎቁ ጥላ እዚያው ግድግዳው ሥር ያልቃል። ስለዚህ ዋና መንገድ ላይ የሚሠራ አዲስ ሕንፃ ሁሉ የምድር ቤቱን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ ከፊቱ መተላለፊያ በረንዳ ይተው ቢባል፣ ወይ ቢያንስ ሁለት ሜትር ያህል ታዛ ያውጣ ቢባል፣ ከተማው አንድ ብር ሳያወጣ ጥላ ያገኛል። ይሄ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ በአንድ መስመር የሚጻፍ ነገር ነው።

ጥላውን ካልኩ ዘንዳ መሬቱንም ልናገር። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ከሰፈራችን እስከ ክሊኒኩ ድረስ ሩቅ አይደለም፣ ጤነኛ ሰው ሻይ ሳይበርድበት ይደርሳል። ከእሷ ጋር ስሄድ ግን የማላውቀውን መንገድ የምሄድ ይመስለኛል። ከቤት እንደወጣን የመጀመሪያው የቱቦ ክዳን የለም። ማን እንደወሰደው አላህ ይወቅ፣ ውስጡ ያለው ፌሮ ሳይሸጥ አልቀረም። ሰፈሩ የዛፍ ቅርንጫፍ ሰክቶበታል፣ ሰው እንዳይገባ ምልክት መሆኑ ነው። እሱን ዞረን ስናልፍ የኤሌክትሪክ ምሰሶ መሐል መንገዱ ላይ ቆሟል። በምሰሶውና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት እሷን ለብቻዋ እንጂ እኔን ደግፌያት አያሳልፍም። ከዚያ የእግረኛው መንገድ ያበቃና ወደ ግቢ መግቢያ ይወርዳል፣ እንደገና ይነሳል። እያንዳንዱ ከፍታ ለእኔ ምንም አይደለም። እሷ ግን ግድግዳ ይዛ፣ «ቢስሚላህ» ብላ፣ ደህነኛውን እግሯን አስቀድማ፣ ሌላውን እየጎተተች ነው የምትወጣው። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ «ልጄ በአስፋልቱ እንሂድ በቃ» ትላለች። እናም በአስፋልቱ እንሄዳለን፣ ባጃጁ ከኋላ ክላክሱን እየነፋ፣ ሾፌሩ «እማማ ዳር ያዢ!» እያለ። ዳሩ የታለና!

በዚያው መንገድ ላይ አንድ ሕንፃ እየተሠራ ነው። የማን እንደሆነ ስም አልጠራም። ቆርቆሮውን አጥሮ የእግረኛውን መንገድ በሙሉ ውጦታል። ከቆርቆሮው ውጭ ደግሞ አሸዋና ጠጠሩን አስፋልት ላይ ደፍቶታል። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄጄ ነገርኩ። «ማመልከቻ አምጣ» ተባልኩ። አመጣሁ። «ይሄ የእኛ አይደለም፣ ፎቅ ላይ ጠይቅ» ተባልኩ። ፎቅ ላይ ያለው ሰው ስብሰባ ነበር። ስብሰባው እስከ ዛሬ አላለቀም መሰለኝ። ሕጉ የለም እንዳይባል አለ፤ የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡን ማንም ያገኘዋል። እግረኛ ዜብራ ላይ እንዲሻገር፣ ሾፌር እንዲቆምለት ያዝዛል። ከልጅነታችን ጀምሮ «ግራችሁን ይዛችሁ ተጓዙ» ተብለናል። ይዘን ነበር እኮ! ግራው ላይ አሸዋ ደፉበት እንጂ።

የጎረቤታችን ልጅ ዓይነ ስውር ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ይዟል፣ ነጭ በትሩን ይዞ ለብቻው ይሄዳል። አዲሱ መንገድ ላይ ያለችውን ቢጫ ሸካራ ንጣፍ አሳየሁት፣ ለእናንተ የተሠራ ነው ብዬ። ሳቀብኝ። «እሷ መስመር ቀጥ ብላ ወስዳ ምሰሶ ላይ ነው የምትጥለኝ» አለኝ። ሄደን አየነው፣ እውነቱን ነው። መስመሯ ምሰሶው ድረስ ትሄድና ከምሰሶው ማዶ ትቀጥላለች። የዘረጋው ሠራተኛ ዓይኑ እያየ በምሰሶው ዙሪያ ቆርጦ ገጥሞታል፣ በጥንቃቄ ነው የቆረጠው ደግሞ። ንጣፉ ምን እንደሚሠራ የነገረው ሰው የለም። የሕንፃ አዋጁ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ አመቺ እንዲሆኑ አዝዟል። ሕንፃው ደጃፍ የሚያደርስ መንገድ ከሌለ ግን ያ መወጣጫ ለማን ነው? ሁለት ዊልቸር ጎን ለጎን እንዲተላለፍ 1.8 ሜትር ክፍት ቦታ ይበቃል። ክፍት ስል ምሰሶ፣ ሰሌዳ፣ የአበባ ሳጥን፣ የቆመ ሞተር የሌለበት ማለቴ ነው። የንድፉ ወረቀት ላይ ያለው ስፋት ለእግር አይሆንም።

ስለ ጉልት ነጋዴዎቹ ዝም ብዬ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አይቻልም። ብዙ ሰው የእግረኛ መንገድ ሲባል መጀመሪያ እጁን የሚቀስረው እነሱ ላይ ነው። ማንጎና ዘይቱን የምትሸጠዋ፣ ጫት የዘረጋችው፣ ካልሲ የያዘው ልጅ። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ላስቲኩን ጠቅልሎ ሩጫ፣ ሲሄድ ተመልሶ ዝርጋታ። ይሄ ድራማ ስንት ዓመት ሊቀጥል ነው? ሴትየዋ እዚያ የተቀመጠችው ሰው እዚያ ስለሚያልፍ ነው፤ የገበያ አዳራሽ ተሠርቶ ሰው የማያልፍበት ቦታ ብትወሰድ ትመለሳለች። እኔም ብሆን እመለሳለሁ። ሰፊ መንገድ ባለበት ከአስፋልቱ ጠርዝ ጋ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ለእነሱ በቀለም ተሰምሮ፣ ከዛፉ መስመር ጋር አንድ ላይ ተደርጎ፣ ሁለት ሜትሩ ለእግረኛ ንጹሕ ቢተው ሁላችንም እንኖራለን። ደግሞ እውነቱን እናውራ፣ እህቴ ማታ ከትምህርት ስትመለስ የማትፈራው እነሱ ያሉበትን መንገድ ነው። ባዶና ያማረውን መንገድ ትፈራዋለች።

ባጃጁም እንደዚያው ነው። ባጃጅ የድሬ ሕይወት ነው፣ እኔም ስንት ጊዜ ተሳፍሬበታለሁ፣ ሾፌሮቹ ወንድሞቻችን ናቸው። ግን የሚቆሙበት ቦታ አልተሰጣቸውም። ስለዚህ ጥላ ፍለጋ (አያችሁ፣ እነሱም ጥላ ነው የሚፈልጉት) የእግረኛው መንገድ ላይ ወጥተው ዛፍ ሥር ይደረደራሉ። በጥላ ያለ ትንሽ ፌርማታ ይሰጣቸው፣ ከዚያ በኋላ እግረኛ መንገድ ላይ የወጣ ይቀጣ።

መሻገሪያው ደግሞ ሌላ ነው። ዜብራው በየዓመቱ ይቀባል፣ በየዓመቱ ይጠፋል። ቀለም ሾፌር አያቆምም። መንገዱ ራሱ ከፍ ብሎ ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ ቢሠራ ሾፌሩ ወደደም ጠላም ቀስ ይላል፣ የእናቴም ጉልበት መውረድና መውጣት አይኖርበትም። ፍጥነት ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የመታው እግረኛ የመሞት ዕድል፣ መኪናው 65 ላይ ሲሆን አራት እጥፍ ተኩል ያህል ይጨምራል። አስፋልቱ ሲሰፋና ሲለሰልስ ፍጥነቱ አብሮ ይጨምራል፤ ታዲያ መንገዱን ያሰፋነው ለማን ነው? የብረት ድልድይ በላይ እንሥራላችሁ የሚሉም አሉ። ደረጃ በዚህ ፀሐይ! መኪናው በሞተሩ ሜዳውን ይሄዳል፣ አሮጊቷ በጉልበቷ ፎቅ ትወጣለች። አቦ ይቅርብን።

ድልድይ ከተነሳ አይቀር የሚያስፈልገን ደቻቱ ወንዝ ላይ ነው። ደቻቱ ከተማውን ለሁለት ከፍሎት ይሄዳል፣ ከዚራ ወዲያ፣ መጋላ ወዲህ። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ሰው ድልድዩ ድረስ ዞሮ ከመሄድ አሸዋውን አቋርጦ ይሄዳል። ወደ ገበያ የሚሄደው፣ ተማሪው፣ ተሸካሚው ሁሉ። ክረምት ላይ ግን ከተማው ጠብ ሳይል ላይ ላይ ደጋው ላይ ይዘንብና ውሃው ድንገት ይመጣል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት የመጣውን ጎርፍ የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም። ከ200 በላይ ሰው ነው የበላው። ከዚያ ወዲህ ግንብ ተሠራ፣ ጥሩ ነው። ግን እግረኛው ዛሬም አሸዋው ውስጥ ነው የሚሻገረው፣ ምክንያቱም አቋራጩ እሱ ነው። ሰው አቋራጭ ይዞ ሲሄድ ከተማው የት ጋ ድልድይ እንደሚያስፈልገው በእግሩ እየነገረን ነው። እነዚያ ቦታዎች ላይ ቀጠን ያለ የእግረኛ ድልድይ፣ ጣሪያ ያለው፣ መኪና የማይገባበት ቢሠራ ለሁለቱም ይበጃል፣ ለፀሐዩም ለጎርፉም።

ይሄ ሁሉ የእኔ የቡና ላይ ወሬ እንዳይመስላችሁ። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን የአሥር ዓመት አገር አቀፍ ስትራቴጂ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. እስከ 2029 የሚሠራ ነው፣ ጊዜው እያለቀ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር እንደሆነ ጥናት አሳይቷል። ገንዘቡ የሚሄደው ግን ወዴት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በየወሩ መንገድ ተዘግቶ ሰው ሲሮጥና ልጆች ሲጫወቱ ደስ ብሎን ነበር። ከዚያስ? ለአንድ ጧት መንገድ ሰጥተው ለቀሪው ወር ይወስዱታል።

ውጭ አገርም ልጥራ፣ አንድ ብቻ። ኮሎምቢያ ውስጥ ሜደሊን የምትባል ከተማ አለች። እነሱም ኮሪደር ብለው ነው የጀመሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2016። የእነሱ ኮሪደር ግን ዛፍ ነው። በመንገድ ዳርና በወንዝ ዳር 30 የሚሆን የዛፍ መስመር ሠሩ፣ ሙቀቱ ሁለት ዲግሪ ያህል ቀነሰ ይባላል። አትክልተኞቹንም ያመጡት ከችግረኛ ሰፈሮች ነው። እኛ ጋ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ልጅ አንሶ ነው?

ገንዘብ የለም ይባላል፣ ሁሌም ይባላል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። የቱቦ ክዳን መመለስ ገንዘብ የሚያስጨርስ ሥራ አይደለም። ቆርቆሮ አጥሮ መንገድ የዘጋን ባለሕንፃ መቅጣት እንዲያውም ገንዘብ ያስገባል። ምሰሶ ማንሳት ያስወጣል፣ እሺ፣ እሱ ቀስ ይበል። አንድ ትምህርት ቤት ይመረጥና ከበሩ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ዘንድሮ በሰሌንም በቆርቆሮም ጥላ ይደረግለት፣ ከጎኑ ኒም ይተከል፤ ኒሙ ሲያድግ ቆርቆሮው ተነቅሎ ሌላ ትምህርት ቤት ይሂድ። መቀመጫም ይኑረው። ሽማግሌ ሰው ሳያርፍ አይሄድም፣ እና በየመንገዳችን ያለው መቀመጫ የሻይ ቤት ወንበር ብቻ ነው፣ ሻይ ካላዘዝክ አያስቀምጡህም።

እና አዘጋጆች፣ ከእናንተ የምፈልገው ይሄን ነው። ዘንድሮም ሐምሌ ላይ ችግኝ ይተከላል፣ ካሜራችሁን ይዛችሁ ትመጣላችሁ፣ ኃላፊዎቹ አካፋ ይዘው ይቆማሉ። ጥሩ ነው፣ ኑ። ያኔ ግን ሦስት ጥያቄ ጠይቁልኝ። ይሄ ችግኝ ሲያድግ ጥላው የሚያርፈው የእግረኛው መንገድ ላይ ነው ወይስ አስፋልቱ ላይ? ጥርና የካቲት ላይ የሚያጠጣው ማን ነው፣ ቦቴው የማን ነው? አምና የተተከለውስ የት ደረሰ? መልሱን ከነ ኃላፊው ስልጣን ጻፉት። ከዚያ ጥር ላይ ዘጋቢያችሁን መልሳችሁ ላኩት፣ እኔ እጠብቀዋለሁ፣ አብረን ሄደን እናያለን። በባጃጅ እንዳይመጣ ብቻ።

አክባሪያችሁ
አንድ እግረኛ፣ ከድሬዳዋ